ጠረጴዛው የተመታ ቀን

ገላነሽ ስታስተረጉም ዘመኗን የፈጀች ሴት ናት። ችሎት ቆማ ተርጉማለች፤ ማዋለጃ ክፍል ገብታ ከምጥ ጋር እየታገለች ላለች ሴት ተርጉማለች። አንድም ቀን ግን የገዛ አፏን እንደዚያ ሰኔ ጠልታው አታውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀርመን አገር፣ ቦከንሃይም በሚባል ሰፈር ባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ የጥናት ቡድን ተቋቋመ። የአፈር ሰው አለበት፣ የዛፍ ሰው አለበት፣ የገንዘብ ሰው አለበት፤ ደግሞ፣ ጉድ እኮ ነው፣ ስለ ሰው የምታጠና "የሰው ሰው"ም አለችበት። እስከ ዛሬ እያንዳንዳችን በራችንን ዘግተን አጠናን፤ አሁን ግን ምድር ለልጅ ልጅ እንድትተርፍ አንድ ላይ እናጥና፣ ተማሪውንም አንድ ላይ እናስተምር አሉ። መልካም ሐሳብ ነው፤ ማን ይጠላዋል? ችግሩ፣ ሊያጠኑት የመረጡት ወሎ ያለውን ዝግባ ጋራን ነው፤ ከጋራው ሥር ደግሞ ሰው ይኖራል።

ጋራው ተራቁቶ ነበር። ሣሩና ዛፉ እስኪያገግም ሦስት ዓመት ከብት አይግባበት ተባለና በቡድኑ ፕሮጀክት በእሾህ ታጠረ፤ ዘበኛም ቆመበት። ሦስቱ ዓመት አለቀ። አጥሩ አለ፣ ዘበኛውም አለ። ክረምት ሲመጣ ማሳው ሁሉ ይዘራል፤ ያን ጊዜ ከብት የሚሰማራው እዚያ ጋራ ላይ ብቻ ነበር። ባለፈው ክረምት የመንደሩ ከብት ሣሩን በዓይኑ እያየ አለቀ።

በፈረንጆቹ ዘጠና ሰባት ቡድኑ ለተማሪዎቹ ትልቅ ሴሚናር አዘጋጀና "የአገሬውን ድምፅ እንስማ" ብሎ አንድ ሽማግሌ አስመጣ፤ አባባ ገናናውን። መንደሩ እሳቸውን የላከው ያለ ነገር አይደለም። ያኔ "ሦስት ዓመት ብቻ ነው፣ እሺ በሉ" ብለው አገሩን ያግባቡት እሳቸው ናቸው። አሁን ለቅሶ ቤት ሲገቡ ፊቱን የሚያዞርባቸው አለ። "በቃሌ ነው ያሰርኩት፣ በቃሌ ልፍታው" ብለው፣ አንዲት መልእክት ብቻ ይዘው መጡ፦ ሐምሌ ሳይገባ ጋራው ይከፈት።

ጠዋት ገላነሽ ሮደልሃይም ሰፈር ካለው እንግዳ ማረፊያ ልትወስዳቸው ስትሄድ፣ በኮታቸው ላይ ጋቢያቸውን ደርበው በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው።

"አፌ አንቺ ነሽ?" አሏት።

"እኔ ነኝ አባባ።"

"አደራ እንግዲህ ልጄ። አንዲት ቃል እንዳትወድቅብኝ።"

"አትወድቅም፤ አያስቡ።"

እውነትም አልወደቀችም። አዳራሹ በተማሪ ጢም ብሏል። አባባ ገናናው ቆሙ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ጀመሩ።

"ልጆቼ፣ ጋራው ለምልሟል፤ እናንተን ያክብርልኝ። ግን ከብታችን ከአጥሩ ወዲህ ቆሞ ነው የሚያየው። አምና ቡሬ በሬዬ አጥሩ ሥር ወደቀ። አፉ ወደ ሣሩ ነበር። አሁን አንድ በሬ ቀርቶኛል፤ አንድ በሬ አያርስም። ሐምሌ ሳይገባ ክፈቱልን። ሌላ ልመና የለኝም።"

ገላነሽ ቃል በቃል አደረሰችው። ቡሬ ላይ ስትደርስ ፊት ወንበር የተቀመጠች አንዲት ተማሪ ዓይኗን ጠረገች። የቡድኑ አለቃ ፕሮፌሰር ቡርማይስተር ቢጫ ካርድ አነሣና "ጋራው ይከፈት" ብሎ በትልልቁ ጻፈ፤ ግድግዳው ላይ ባለው ሰሌዳም በመርፌ ሰካው። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ጠረጴዛውን በጣቱ አንጓ ይደበድብ ጀመር። የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ወጉ ነው፤ ንግግር ሲወዱ አያጨበጭቡም፣ ጠረጴዛ ይመታሉ።

አባባ ገናናው መጀመሪያ ደነገጡ። ቀጥሎ ፊታቸው በራ። ጋቢያቸውን ወደ ወገባቸው ዝቅ አደረጉና እጅ ነሥተው ይመርቁ ገቡ። "ዕድሜ ይስጣችሁ! ወልዳችሁ ሳሙ፣ ዘርታችሁ ቃሙ!" ገላነሽ ምርቃቱንም ተረጎመች። ጠረጴዛው እንደገና ተመታ።

"አየሽ ልጄ?" አሏት ሲቀመጡ። "እኛ ዘንድ ማኅተም የሚመታው ሊቀመንበሩ ብቻ ነው። እዚህ ሁሉም መታው! ውሳኔውም ያው፣ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ!"

ገላነሽ ክው አለች።

ወይ አምላኬ፣ እንዴት ብላ ታፍርሰው? ለእረፍት ሲበተኑ እሳቸውን ወንበር ላይ ትታ ሮጠች፤ ምናልባት እውነት ላደርገው እችላለሁ ብላ። የአፈሩ ሰው፣ "እኔ አፈሩን ነው የምለካው፤ አጥሩ የእኔ አይደለም" አላት። የዛፉ ሰው፣ ችግኙ ገና ነፍስ መዝራቱ ስለሆነ ትንሽ ቢታገሱ ብሎ ለመነ። የገንዘቡ ሰው፣ ለከብቱ ካሳ እንደሚገባ ድሮ ጽፎ ነበር፤ ጽፎ ነበር፣ በቃ። የሰው ሰው የተባለችው እጇን ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት። "ልቤን ነው የነኩት! ራሳቸው ቆመው ተናገሩ እኮ! ትልቁ ነገር እሱ ነው።"

ቡርማይስተር ጋ ደረሰች። "ፕሮጀክቱ አምና ተዘግቷል" አለ፤ ፊቱ ላይ እውነተኛ ሐዘን አለበት። "አጥሩን ለአገራችሁ ግብርና ቢሮ አስረክበናል። መክፈትም መዝጋትም የእነሱ ሥልጣን ነው።"

"ቢሮውማ አባባን 'የጀርመኖቹ ጥናት ሳያልቅ አንከፍትም' ብሏቸዋል።"

"አዎ፤ እሱን ይጠብቃሉ።"

"ጥናቱስ መቼ ያልቃል?"

"ቀጣዩ በጀት ከተፈቀደ..." አለና ትከሻውን ሰበቀ። "ካርዱ ግን በማጠቃለያ ጽሑፉ ውስጥ ይገባል። ቃል እገባልሻለሁ።"

ክፉ ሰው ቢሆን ትጮኽበት ነበር። ደግ ሰው ላይ እንዴት ይጮኻል? ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! ወደ አባባ ተመለሰች።

አባባ ገናናው የሰኔን ጾም ይጾማሉና የቀረበውን የአይብ ዳቦ አልነኩትም፤ ላይፕሲገር መንገድ ላይ ወዳለች አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ወስዳ ድንች አዘዘችላቸው። ማንኪያውን ሳያነሡ ወሬ ጀመሩ።

"ደሴ ያለው የእህቴ ልጅ ስልክ ባለበት ቤት ይሠራል። ደውይለት። 'ተፈቅዷል፣ አጥሩን አንሡ' በይው፤ ነገ ገበያ ነው፣ ለአገሩ ያደርሰዋል።"

እንግዲህ መናገር ግድ ሆነ። አጥሩን ያነሣ ሰው ዘበኛው ምን እንደሚያደርገው ሁለቱም ያውቃሉ። ዓይኗን ድንቹ ላይ ተክላ ነገረቻቸው፤ ጠረጴዛ መምታት እዚህ ጭብጨባ እንደሆነ፣ ካርዱ ወረቀት እንደሆነ፣ የሚከፍት ሰው እንደሌለ። አባባ ገናናው እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሡ።

"ልጄ፣ አስተካክለሽ ነግረሽልኛል?"

"አንዲት ቃል አልጣልኩም አባባ።"

"ገብቷቸዋል?"

"በደንብ ገብቷቸዋል።"

"ገብቷቸው ነው የማይከፍቱት?" አሉ፤ እንደገና፣ በቀስታ።

ከሰዓት በኋላ ሲሰነባበቱ ቡርማይስተር በክፈፍ የገባ ትልቅ ፎቶ አበረከተላቸው። ዝግባ ጋራ ነው፤ ከሥር እስከ ጫፉ ለምልሟል። አባባ ገናናው ጎንበስ ብለው ተቀበሉት። ስጦታ አይመለስም።

በማግስቱ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በባቡር ሲሄዱ ፎቶው ጭናቸው ላይ ነበር፤ አንዴም አላዩትም። ፍተሻው በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"አንድ ነገር ላስቸግርሽ። አገር ገብቼ ምን እንደምል ሳስብ አደርኩ። 'ነገርኳቸው፣ ገባቸው፣ አልከፈቱም' ብል ጎረምሳው ያን ዕለት አጥሩን ይንደዋል። ዘበኛው ጠመንጃ አለው። ከብቱ አንሶ ሰው ሊሞትብኝ ነው።"

"ታዲያ ምን ሊሉ ነው?"

"ተርጓሚዋ አልቻለችበትም ልላቸው ነው።" ዓይኗን አላዩም። "ከአገር ከወጣች ቆይታለች፣ አማርኛው ጠፍቷታል፣ ነገሬን አበላሸችብኝ፤ ደኅና አፍ ያለው ሰው እስኪገኝ ታገሡ እላለሁ። ያን ሲጠብቁ ክረምቱ ያልፋል። አንቺን አያውቁሽም የኔ ልጅ፣ ምንም አትሆኝም። ይቅር ትይኛለሽ?"

ገላነሽ አፏን ከፈተች። ዕድሜዋን ሙሉ ያላት ሀብት ያ አፍ ነው፤ ቤት የላት፣ ማዕረግ የላት። ከኋላቸው የቆመ ሰው ሻንጣውን ገፋ አደረገ።

"ይበሉ አባባ" አለች። "አልቻለችበትም ይበሉ።"

ግንባሯን ሳሟት፤ "ወልደሽ ሳሚ" ብለውም መረቋት። ከዚያ ዝግባ ጋራን በብብታቸው ሸጉጠው ገቡ፤ ጋቢያቸው ከሰው መሃል እስኪጠፋ ድረስ ቆማ አየቻቸው።

"አንዲት ቃል እኮ አልወደቀችብኝም" አለች፤ ጮክ ብላ፣ በአማርኛ። የሰማት ሰው አልነበረም።