ጀርመኗ አልጠፋም አለች

አስቻለች ፊደል አልቆጠረችም፤ ይህንንም ከማንም ደብቃ አታውቅም። «ፊደል የቆጠሩት መኪናቸውን ጋራዥ ጥለው በታክሲ ሲንከራተቱ አያለሁ፤ እኔ የራሴን ራሴ እፈታለሁ፣ ራሴ እገጥማለሁ» ትላለች፣ ለሚሰማትም ለማይሰማትም። ውሸቷን አይደለም። ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የኤምባሲ ሹፌር ነበር። ኤምባሲው ያረጀ ንብረቱን በጨረታ ሲሸጥ ያቺን ረጅም፣ ናፍጣ ጠጪ፣ ማርሽ የማታስለውጥ የጀርመን መኪና ገዝቶ ካዛንቺስ ግቢያቸው ውስጥ አቆማት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ «ጀርመኗ» ሆነ። እሱ ከሥሯ ተንጋሎ ሲሠራ አስቻለች ከላይ ቆማ፣ ካቻቢቴ ሲላት ካቻቢቴ፣ ፒንሳ ሲላት ፒንሳ ስታቀብል ኖረች። ሲሞት መሣሪያውም እውቀቱም ለእሷ ቀረ። እሷ እንደዚያ ነው የምታስበው።

ነገሩ የተበላሸው ቅዳሜ ዕለት ነው።

በማግስቱ ሦስት ሽማግሌዎች ቄራ፣ አቶ አጽብሃ ቤት ሄደው ልጃቸውን ሩሐማን ለአስቻለች ልጅ ለኢያቄም ሊለምኑ ነበር። ልጆቹ ከተዋደዱ ቆይተዋል። ችግሩ ሌላ ሰው ቀድሞ ሽማግሌ ልኳል፤ አባትየውም ለእነዚያ በሚቀጥለው እሁድ መልስ ሊሰጡ ቀጥረዋል። የልጅ አባት ደግሞ መጀመሪያ ለመጣ ሽማግሌ «እሺ» አይልም። «ዘመድ እናማክር፣ ሰባት ቤት እንቁጠር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ይላል፤ ወጉ ነው። ለእነ አስቻለችም እንደ ወጉ ከተባለ፣ እነዚያ ቀደሙ፣ ሩሐማም ሄደች ማለት ነው።

እንግዲህ በዚህ መሐል የጀርመኗ የኋላ በር አልከፈት አለ። ከውስጥ ቢሉት እንቢ፣ ከውጭ ቢሉት እንቢ።

«እማዬ፣ በቃ ጋራዥ እንውሰዳት» አለ ኢያቄም።

«ጋራዥ የገባ መኪናና ሹመት ያገኘ ዘመድ ቶሎ አይመለስም። ካቻቢቴውን አምጣ!»

የበሩን የውስጥ ልባስ ፈትታ ገነጠለችው። መቆለፊያውን አገኘች፤ ከመቆለፊያው ጋር የተያያዘ ቀጭን የላስቲክ ቱቦም አገኘች። እዚህ ላይ ግራ ገባት። ውሃ አይወርድበት፣ ናፍጣ አይሄድበት፣ በር ውስጥ ቱቦ ምን ይሠራል? አሸተተችው፤ ምንም አይሸትም። ነቅላ እፍ አለችበት፤ ትንፋሿ ወዴት እንደገባ አልታወቀም። ቱቦው ሲነቀል ግን በሩ ጠቅ ብሎ ተከፈተ።

«አየህ? ጀርመን ተርፎት የጨመረው ነው» ብላ በቢላ ቆርጣ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ወረወረችው።

«እማዬ፣ የማታውቂውን ነገር ለምን ትቆርጫለሽ? ቆይ ልጠይቅልሽ፤ ይቺኑ መኪና በራሳቸው የሚጠግኑ ሰዎች አሉ፣ ስልኬ ላይ…»

«ሰዎቹ የእኔን ጀርመን የት ያውቋታል? ይልቅ ሂድና ፀጉርህን ተቆረጥ። ሽፍታ መስለሃል።»

እሁድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ መጡ። የሁሉም ታላቅ አቶ መድሃኔ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ከዘራቸውን ሳይዙ አንድ እርምጃ የማይሄዱ። ሁለተኛው ባለሱቁ ጎረቤቷ ሐጂ ኑሪ፣ ሦስተኛው የእድራቸው ዳኛ። አቶ መድሃኔ አስቻለችን መሪው ላይ ተቀምጣ ሲያገኟት ከዘራቸው ቆመ።

«ምነው አስቻለች? እናት ከሽማግሌ ጋር አትሄድም። ነውር ነው!»

«እንደ እናት መቼ ሄድኩ? እንደ ሹፌር ነው የምሄደው። ጀርመኗን ሌላ ሰው አይነካትም። ይግቡ፣ በሩ ይከፈታል።»

«ከጠየቁሽስ?»

«ሹፌር ነኝ እላለሁ። ሹፌር አይደለሁም?»

ሐጂ ኑሪ ሳቃቸውን በጢማቸው ውስጥ ደብቀው ገቡ።

መንገዱም ራሱ ግራ የሚያጋባ ነበር። አስቻለች መንገድ የምታውቀው በሱቅና በዛፍ ነው፤ ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ ሱቁም ዛፉም የለም። ሰፊ አስፋልት፣ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የማታውቃቸው መብራቶች። በለመደችው ብትታጠፍ ያልለመደችው ቦታ ወጣች፤ ስታዲየም በቀኝ ይመጣል ስትል በግራ መጣ። «የጠፋው መንገዱ ነው እንጂ እኔ አልጠፋሁም» አለች፤ ማንም አልጠየቃትም። ዞራ ዞራ ቄራ ደረሰች፣ ከአቶ አጽብሃ በር ፊት ለፊት አቆመች። የኋላው በር ጠቅ ብሎ ተከፈተ። አቶ መድሃኔ ወርደው ልብሳቸውን አስተካከሉ፤ ሦስቱም ገቡ። ሽማግሌ ልመናው ሳይሰማለት አይቀመጥም፤ እዚያ ቤት ደግሞ «ተቀመጡ» ከተባለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። አስቻለች ይህንን እያሰበች ቁልፉን አዙራ ነቀለች።

ጀርመኗ አልጠፋችም።

ድርድርድር… አስቻለች ቁልፉን አየች። እጇ ላይ ነው። መልሳ ሰካችው፣ አዞረች፣ ነቀለች። ድርድርድር… «ምን ሆነሻል አንቺ?» አለቻት ዝቅ ብላ። በቁጣም ሞከረቻት፣ በማባበልም ሞከረቻት። በነቀለችው ቁልፍ የመኪናዋን መስታወት ደበደበች። የአቶ አጽብሃ ሳሎን መስኮት መንገዱን ነው የሚያየው፤ የናፍጣው ጢስም ቀጥ ብሎ ወደዚያው ይሄዳል።

ብዙም ሳይቆይ ሐጂ ኑሪ ጫማቸውን እየጎተቱ ወጡ።

«አስቻለች፣ አጥፊያት እንጂ! ሰውዬው ምን አሉ መሰለሽ? ‹ሞተር ሳያጠፉ ልጅ የሚለምኑት፣ ዳቦ ሊገዙ ነው እንዴ የመጡት?› አሉ። ተናደዋል። እኛ እንደቆምን ነን።»

አስቻለች ቁልፉን አንስታ አሳየቻቸው።

ሐጂ ኑሪ ቁልፉን አዩ፣ ኮፈኑን አዩ፣ እንደገና ቁልፉን አዩ። «ቁልፉ እጅሽ ላይ ነው። ሞተሩ ይሠራል።»

«አያለሁ፣ ሐጂ።»

«እንዴት ሆኖ?»

«እኔ ምን አውቄ!»

ይህ ቃል ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። ስለ ጀርመኗ «አላውቅም» ብላ አታውቅም ነበር።

ስልኳ ጮኸ፤ ኢያቄም ነው። ቤት ተቀምጦ ጥፍሩን እየበላ። «እማዬ፣ ምን አሉ?»

«ገና ነው። ጀርመኗ አልጠፋም አለች። ቁልፉን ነቅዬዋለሁ።»

ስልኩን ሲነካካ ይሰማታል። «እማዬ፣ ያ ቱቦ ነው። እዚህ ጽፈውታል። የበሩም መቆለፊያ፣ ሞተሩን የሚያጠፋውም ነገር የሚሠሩት በአንድ በሚሳብ አየር ነው። በበሩ በኩል አየሩ ካመለጠ ቁልፍ ብትነቅይም አትጠፋም።»

«ዝም በል! በር ነው ሞተር የሚያጠፋው? ነገ ደግሞ መስተዋቱ ነው ጎማ የሚነፋው በለኝ!» ጠረቀመችበት።

ኮፈኑን ከፈተች። ከመቀመጫዋ ሥር የብሎን መፍቻ አውጥታ የባትሪውን ሽቦ ፈታች። አሁንስ ትጠፋለች ብላ ጠበቀች። ድርድርድር… ሐጂ ኑሪ አንድ እርምጃ ወደኋላ አሉ፤ በአፋቸው ውስጥ የሆነ ዱዓ አነበነቡ። «ቁልፍ የላት፣ ባትሪ የላት፣ በምንድነው የምትሠራው?» ባሏ ይህንን አላሳያትም። ወይም አሳይቷት ይሆናል፤ እሷ ፒንሳ ስትፈልግ።

በዚህ ላይ አቶ አጽብሃ ራሳቸው ወጡ። ረጅም ሰው ናቸው፤ ለእንግዳ የለበሱት ጥለት ያለው ነጠላ ትከሻቸው ላይ ነው። ከኋላቸው የሰፈሩ ሴቶች በየበሩ ብቅ ብቅ አሉ።

«ሹፌሯ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«እንግዲያው ያጥፉት! ቤቴ በጢስ ታፈነ። ከቸኮላችሁ መንገዱ ያው።»

«ማን ቸኮለ? ይኸው ቁልፉ!» መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። «ይኸው የባትሪው ሽቦ! ከቻሉ እርስዎ ያጥፉት።»

አቶ አጽብሃ ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው፣ መዳፋቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ሲያዩ ቁጣው ከየት እንደሚጀመር ጠፋቸው። ኮፈኑ ውስጥ አጎነበሱ። «ይቺ ምንድናት?» አሉ። «እሷ ምንም አታደርግም» አለች። «ይቺስ?» «እሷን እንዳይነኩ፣ ታቃጥላለች!» ነኩ፤ አቃጠለቻቸው። ጣታቸውን እየነፉ አማተቡ። «ጠበል ይሻላታል» አለች አንዲት ጎረቤት። «ናፍጣዋ ያልቅና ዝም ትላለች» አለች ሌላዋ። «ትናንት ነው የሞላሁት!» አለች አስቻለች።

ትዕግሥቷ አለቀ። አንድ የምታውቀው ነገር አለ፤ በዓለም ላይ የማይተነፍስ ነገር አይጮህም። አየር የምትስብበትን ክብ ክዳን ከላይ ከፈተች። ቀዳዳው እንደ ተራበ አፍ አየሩን ይውጣል። ጨርቅ ፈለገች፤ አጠገቧ የነበረው ጨርቅ የአቶ አጽብሃ ነጠላ ነው። ሳትጠይቅ ከትከሻቸው ላይ ጎተተችው፣ ጠቅልላ ቀዳዳው ላይ ጫነችው።

ጀርመኗ ነጠላውን ላፍ አድርጋ ሳበችው። አሳላት፣ ተንቀጠቀጠች፣ ጥቁር ጢስ ተፋች። ጠፋች።

ከቀዳዳው የወጣው የነጠላው ጥለት ብቻ ነው፤ አቶ አጽብሃ በሁለት ጣታቸው ይዘውታል። ሳብ አደረጉ። አልመጣም።

«የእናቴ ስጦታ ነበር» አሉ በለሆሳስ።

አቶ መድሃኔ ከዘራቸውን እያንኳኩ ደረሱ። የተዋጠውን ነጠላ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ምን አደረግሽ አስቻለች!»

«አስቻለች?» አቶ አጽብሃ ቀና አሉ። «የኢያቄም እናት አስቻለች?»

«ሹፌር ነኝ አልኩ!»

«ሹፌር እንዲህ አይዳፈርም» አሉ አቶ አጽብሃ። ዓይናቸው ከእሷ ወደ መኪናዋ፣ ከመኪናዋ ወደ በራቸው ተመላለሰ። «በሉ፣ ነጠላውን አውጡልኝና በሰላም ሂዱ። ለእናንተም ቀጠሮ…»

«አይወጣም» አለች አስቻለች። «ሞተሩ መፈታት አለበት። ነጠላው ውስጥ እያለ ደግሞ አትነሣም፤ እዚሁ ትቆማለች።»

«እስከ መቼ?»

«እስክፈታት ድረስ።»

ያቺ ጠበል ያለችው ጎረቤት ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «አቶ አጽብሃ፣ የልጁ እናት መኪና እዚህ ከቀረ ሩሐማ ተሰጠች ማለት ነው እንዴ? እልል እንበል?»

«ዝም በይ አንቺ!»

ግን ያሰቡት ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። በሚቀጥለው እሁድ እነዚያ ሽማግሌዎች ሲመጡ በሩ ላይ ምን ያገኛሉ? የሌላ ሰው እናት መኪና። በሆዷ ውስጥስ? የልጅቱ አባት ነጠላ። ይህንን በየትኛው ቋንቋ ያስረዱታል? አቶ መድሃኔ ይህንኑ አንብበው ነው መሰለኝ፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። እንደቆሙ ነው። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ ሳይመለስላቸው ግን አይቀመጡም።

አቶ አጽብሃ ወደ አስቻለች ዞሩ። አሁን ቁጣ አልነበረባቸውም፤ የገረመው ሰው ድምፅ ነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እውነቱን ይንገሩኝ። ይቺ መኪና ምን ነክታችኋት ነው እንዲህ የሆነችው?»

የአስቻለች የተለመደ መልስ ምላሷ ላይ መጣ። «እኔ የነካሁት አይበላሽም» ልትል ነበር። የሳሎኑ መጋረጃ ትንሽ ተገለጠ፤ ሩሐማ ናት። ዓይኗ ቀልቷል። አስቻለች ወደ አቶ አጽብሃ ዞረች።

«እኔ ነኝ። በሩ ውስጥ ቱቦ አገኘሁ፣ ምን እንደሚሠራ አላወቅኩም፣ ቆረጥኩት።»

«ልጅዎስ? እሱም እንደርስዎ ያልገባውን ይቆርጣል?»

«የለም» አለች። ቃሉ እንደ ዛገ ብሎን ነው የወጣው። «እሱ ይጠይቃል። ትናንትም ቆይ ልጠይቅ ብሎኝ ነበር፤ አልሰማሁትም። ፀጉርህን ተቆረጥ አልኩት።»

አቶ አጽብሃ የነጠላውን ጥለት ለቀቁት። ወደ መጋረጃው አዩ። «እነዚያ መጥተው የሄዱ ቀን ልጄ እህል አልቀመሰችም ነበር» አሉ፤ ለማን እንዳሉት አልታወቀም። ከዚያ ወደ አቶ መድሃኔ ሄደው ክንዳቸውን ያዙ። «ይግቡ፣ አባቴ። ሁላችሁም ግቡ። ተቀመጡ። ለእነዚያ እንዳይመጡ ሰው እልካለሁ።»

እልልታው ከየበሩ ፈነዳ። ሐጂ ኑሪ «አልሐምዱሊላህ!» ብለው ግንባራቸውን ጠረጉ። አስቻለችን ግን ማንም አላቀፋትም፤ እጇ ጥላሸት ነበር። መኪናዋ ላይ ተደግፋ ልጇ ጋ ደወለች።

«ኢያቄም፣ ያንን ቆሻሻ ቅርጫት ደፋኸው?»

«ኧረ አልደፋሁም። ምን አሉ፣ እማዬ? ንገሪኝ!»

«እንዳትደፋው። ቱቦውን ፈልገህ ይዘኸው ና። ካቻቢቴውንም።»

«እማዬ! ምን አሉ?»

«ተቀመጡ አሉ።»

ከወዲያ በኩል የወንበር መውደቅና የበር መከፈት ተሰማ። አስቻለች የኋላውን በር አየች፣ ተመልሳ ሞተሩን አየች። በሁለቱ መካከል የመኪናዋ ግማሽ አለ።

«እሺ፣ ግን በርና ሞተር ምን አገናኛቸው?» አለች ወደ ስልኩ።

ኢያቄም ግን ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ሮጧል።