የዜና አንባቢዋ ሻሽ

«ዛሬ ደግሞ አረንጓዴውን አድርጋ መጣች፤ የባሌን ሻሽ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ» ስትል ጎረቤቴን ኩለሱምን በግድግዳው በኩል ሰማኋት።

ሴትየዋ ቤቷ ድረስ መጥታባት መሰለኝ። ለመገላገል ብዬ፣ ለማየት ብል ይሻላል መሰለኝ፣ የጀመርኩትን ሽንኩርት ትቼ ገባሁ። ኩለሱም ብቻዋን ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት ቆንጆ ልጅ ዜና ታነባለች።

«የታለች?» አልኳት።

«ያቻት» ብላ በሪሞቱ ጠቆመችኝ።

ኩለሱምና ባሏ ጃፈር ከሀገር ወጥተን በምንኖርበት ኢስትሊ ሰፈር፣ ከፎቃችን ሥር የሻሽ ሱቅ አላቸው። ማታ ማታ በዲሽ የሀገራቸውን የስልጥኛ ዜና ይከታተላሉ። እኔ ቋንቋውን ስለማልችል ኩለሱም ትተረጉምልኛለች። ልጅቷ ረጅም ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?»

«መንገድ ተመረቀ።»

«ይሄን ሁሉ አውርታ?»

«ሌላው ጥርሷን ለማሳየት ነው። እሱን ተይውና ሻሹን እይው፣ ፋናዬ።»

አየሁት። ኩለሱም ለእህቷ ለላሚያ ሰርግ የተመኘችው፣ ጃፈር ደግሞ «የሚሸጥ ዕቃ አይለበስም» ብሎ የከለከላት አረንጓዴ ሻሽ ይመስላል። ያኔ በድሮው ቡኒ ሻሽ ነው ሰርጉን የዋለችው።

«ተመሳሳይ ይሆናላ» አልኳት። «ኢስትሊ ሻሽ ጠፍቶ ያውቃል?»

«ዳሩን በወርቃማ ክር የዘመዘምኩት እኔ ነኝ። የእጄን ሥራ አጥቼው ነው?»

ወዲያው ጃፈር የሱቁን ቁልፍ እያንሿሿ ገባ፤ እኔን ሰላም ብሎ ዓይኑ በቀጥታ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደ።

«ደረስኩባት?»

«ደርሰህባታል» አለች ኩለሱም። «አረንጓዴውን ለእሷ የላክኸው አንተ ነህ?»

አድኚኝ በሚል ዓይን አየኝ። እኔ ዜናውን ማየት ጀመርኩ።

«ለጣቢያው ነው የላክሁት፣ በሞያሌ ሹፌር እጅ» አለ። «ቢዝነስ ነው፣ ኩሉ። ከዚያ ወዲህ ሴቱ ሁሉ የዜናዋን ስጡን እያለ አይደል እንዴ የሚመጣው?»

«አውቃለሁ። እኔ አይደለሁ የምሸጥላቸው?»

«ታዲያ ምን አጠፋሁ?»

«የሚሸጥ ዕቃ አይለበስም አላልከኝም?»

«አንቺ ብትለብሺው ማን ያይሻል?»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ እሱም የሰማው መሰለኝ፤ ቁልፉን ማንሿሿት ተወ። ኩለሱም ራሷ ላይ ያለውን ቡኒ ሻሽ ቀስ ብላ አስተካከለች። ሽንኩርቴን ብዬ መነሳት ነበረብኝ፤ ግን አልተነሳሁም።

«ማለቴ፣ ለገበያው ማለቴ ነው» አለ ጃፈር። «ነገ ከሱቁ ደስ ያለሽን ውሰጂ።»

ኩለሱም የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረች።

«ሁለትም ቢሆን።»

ልጅቷ ፈገግ ብላ ወደ አየር ጠባይ ተሻገረች። ጃፈር ጫማውን አወለቀ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ወደ ማዕድ ቤቱ አንገቱን አስግጎ አየ። እሳት አልተለኮሰም።

«እራት ምንድን ነው?» አለ ለስለስ ብሎ።

ኩለሱም ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለችም።

«እስካሁን በዜናው አልተነገረም።»