የሐኒ ካፕሱል

ሐኒ ቀዩን ጉርድ ቀሚስ ብድግ አድርጋ በመስኮቱ ብርሃን አየችውና «ይሂድ» ወዳለችው ክምር ወረወረችው። አረንጓዴው ሹራብም ተከተለው። በአሶሳ ሙቀት ሹራብ የገዛች ሴት ምን እያሰበች እንደነበር ለራሷም አልገባትም። ያው ሰልባጅ ተራ ነዋ! ደመወዝ በወጣ ቁጥር «ዝም ብዬ ልይ» ብላ ትሄዳለች፤ ባዶ እጇን ተመልሳ ግን አታውቅም። እንዲህ ሲከማች ሲከማች ኖሮ ትናንት የቁምሳጥኑ ዘንግ ለሁለት ተሰበረና ልብሱ ሁሉ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ።

ሐኒ የኮሌጅ መምህርት ናት፤ ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ደብረ ብርሃን ተወልዳ፣ አሶሳ ተመድባ፣ እማ ዓዲላ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ መኖር ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ዘንጉ በተሰበረበት ቀን አልጋዋ ላይ ተጋድማ ስልኳን ስትነካካ አንዲት ሴት በቪዲዮ አገኘች። ሴትዮዋ ቁምሳጥኗን ከፍታ «ይሄ ካፕሱል ይባላል» ትላለች። ጥቂት ልብስ ብቻ፣ ግን ሁሉም ከሁሉም ጋር የሚሄድ። ሱሪው ከሸሚዙ፣ ሸሚዙ ከጉርዱ፣ ጉርዱ ከጃኬቱ ይስማማል፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ «ምን ልልበስ» ብሎ መጨነቅ የለም። ሐኒ ቪዲዮውን ደጋግማ አየችው። ነገ ቅዳሜ ነው፣ ነገውኑ አደርገዋለሁ አለች።

አደረገችውም። እኩለ ቀን ላይ ዘንጉን በቀርቀሃ ተክታ የተረፉትን ሰቀለቻቸው። ጥቁርና ቡናማ ሱሪ፣ ነጫጭ ሸሚዞች፣ አንድ ረጅም ቀሚስ፣ አንድ ጃኬት፣ የበዓል የአገር ልብሷ። በቃ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስታያቸው አፏን ያዘች። የቁምሳጥኑ የጀርባ ጣውላ ታየ፤ ጣውላው እንዲህ የሚያምር መስመር እንዳለው እስከ ዛሬ አታውቅም ነበር። ይሄ ሁሉ ጊዜ ያስጨነቃት ለካ ማጣት ሳይሆን ብዛት ነው። ሰው በዚህ ይኖራል ማለት ነው? ደነቃት፤ ቤተ ክርስቲያን የገባች ያህል ድምፅ ላለማሰማት ተጠነቀቀች።

በዚህ መሃል ነው እማ ዓዲላ አንድ ብርጭቆ ከርከዴ ይዘው ብቅ ያሉት።

እማ ዓዲላ የአሶሳ ዙሪያ በርታ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቤቱን እያከራዩ፣ ገበያ ላይ ሰሊጥና ባሚያ እየሸጡ ልጃቸውን ኢኽላስን ያሳድጋሉ። ከራስ እስከ እግር የሚጠቀለለው ቶባቸው ከትከሻቸው ሲንሸራተት በአንድ እጃቸው ይመልሱታል። አማርኛውን የተማሩት ገበያ ላይ በጆሯቸው ነው፤ ስለዚህ በእሳቸው አማርኛ «አንቺ» የሚባል ነገር የለም። ሰው ሁሉ «አንተ» ነው፤ ሐኒም፣ ኢኽላስም፣ ያቺ ገመዷን እየበጠሰች የምታስቸግራቸው ፍየልም።

«ሐኒ፣ አንተ ምን ሆነ? ልብስ ለምን ጣለ?»

«ካፕሱል ነው እማ ዓዲላ» አለች ሐኒ፣ ወገቧን ይዛ ቀና እያለች። ጎንበስ ቀና ስትል ነው የዋለችው።

«ካፕሱል?»

«አዎ። ከእንግዲህ በካፕሱል ነው የምኖረው።»

እማ ዓዲላ ብርጭቆውን ቀስ ብለው መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጡት።

«ወገብ ያማል?»

«ይቆርጠኛል እንጂ! ግን ምንም አይደል፣ ዛሬ ነገ ብዬ ቆይቼ አሁን ልገላገል ነው።»

«ይሄ ልብስስ?»

«እኔ አያስፈልገኝም። ኢኽላስ የወደደችውን ትምረጥ፤ የቀረውን እርስዎ ሰደቃ ያድርጉልኝ።»

ሰደቃ፣ ማለትም ምጽዋት፣ የሚለውን ቃል ሐኒ የተማረችው እዚሁ ግቢ ነው፤ በቦታው በመጠቀሟም ደስ አላት። እንግዲህ ፍረዱ። ካፕሱል በእኛ አገር መድኃኒት ነው፤ ሌላ ካፕሱል የለም። አንዲት ወጣት ወገቧን ይዛ፣ ፊቷ ላብ በላብ ሆኖ፣ «በካፕሱል ነው የምኖረው፣ ልገላገል ነው፣ ልብሴን ሰደቃ አድርጉልኝ» ካለች ሰሚው ምን ይበል? በቁሙ ልብሱን የሚያድል ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ሐኒ ግን ልብ አላለችም፤ ሐሳቧ ሁሉ ቁምሳጥኑ ላይ ነበር።

እማ ዓዲላ ክምሩን አዩ፣ ባዶውን ቁምሳጥን አዩ፣ ሐኒን አዩ።

«አላህ አለ» አሉና ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ኢኽላስ መጣች። ይቺ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የምትማር ልጅ ሰማያዊውን ቀሚስ «አንድ ቀን አውሺኝ» እያለች ስትለምን ኖራለች። ሐኒ ቀሚሱን ዘርግታ ሰጠቻት። ኢኽላስ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«አልፈልግም።»

«ስትለምኚኝ አልነበር እንዴ?»

«አንቺው ልበሺው። ብዙ ዓመት ልበሺው» አለችና ፊቷን አዙራ ሮጠች። ሐኒ የዘንድሮ ልጅ ጸባዩ አይታወቅም ብላ ቀሚሱን መልሳ ክምሩ ላይ ጣለችው።

እሑድ የባሰ ግራ የገባት ቀን ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ የእማ ዓዲላ የወንድም ልጅ ባቢከር ባጃጁን አቁሞ ይጠብቃታል። ባቢከር በሂሳብ ሳይጨቃጨቃት የዋለበት ቀን የለም፤ የዛን ዕለት ግን «አልቀበልም» አለ። ጉድጓድ ባየ ቁጥር ደግሞ እንቁላል እንደጫነ ሰው ቀስ ይላል። ቤት ስትደርስ የሰፈሩ ሴቶች ማንጎው ሥር ተቀምጠዋል። አንዷ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ፣ ሌላዋ ማር፣ ሌላዋ የዶሮ መረቅ ይዛለች። መሃላቸው አስቀምጠው ዓይን ዓይኗን አዩዋት። አንዲት አሮጊት እጇን ይዛ በበርትኛ ረጅም ነገር ተናገረች፤ ሌሎቹ «አሚን» አሉ። ሐኒ ትርጉሙን ስትጠይቅ «ደግ ነው፣ ብላ» አሉ እማ ዓዲላ። እሳቸው ግን ከገንፎው አልቀመሱም።

ሐኒ ተደመመች። ማታ ለእናቷ ለሸዋሉል ደውላ «እዚህ አገር ሰው ደግነቱን አልቻልኩትም፤ በዓል እንኳን ሳይሆን!» አለቻት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ አገር ሁሉ የሚያውቀውን እሷ ብቻ አላወቀችም።

ሰኞ ጠዋት ነጭ ሸሚዝ በጥቁር ሱሪ ለብሳ፣ ልብስ ለመምረጥ አንዲት ደቂቃ ባለማጥፋቷ እየተኩራራች ከክፍሏ ወጣች። ኢኽላስ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን እንደለበሰች በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

«ምን ሆነሽ? እማ ዓዲላስ?»

«ሆስፒታል ሄደች።»

«ምነው? ምን አገኛቸው?»

«እሷን ምንም አላገኛትም፤ ላንቺ ነው እንጂ» አለች ኢኽላስ። «ኩላሊቷን ልትሰጥሽ ነው።»

ሐኒ የሰማችውን አላመነችም። «ምን?»

«መደበቁን ተይው፣ ሁላችንም አውቀናል። ወገቤን አመመኝ አልሽ፣ በካፕሱል ነው የምኖረው አልሽ፣ ልብስሽን አደልሽ። እማ በቴሌቪዥን አንዲት እናት ለልጇ ስትሰጥ አይታለች። ‹ሰው ሁለት አለው፣ አንድ ይበቃል› አለች። ደም ይመረምራሉ ብላ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። እኔ እሰጣለሁ ብላት ልጅ ነሽ ብላ ተቆጣችኝ።»

ሐኒ የቀርቀሃውን አጥር ያዘች። መጀመሪያ ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ግን ጠፋ። ሁለት ቀን ሙሉ «ይበቃል፣ ይበቃል» ስትል የሰነበተችው ስለ ሹራብና ስለ ጉርድ ቀሚስ ነው። እኚህ ሴት ስለ ገላቸው ነው ያሉት። ሰው እንዲህም አለ? የደብረ ብርሃን ልጅ፣ የሰው አገር ሰው፣ ኪራይ ከፍላ የምትኖር ተከራይ፤ ለእሷ? እንባዋ ሳታውቀው ወረደ።

«ኢኽላስ፣ አልታመምኩም። በማርያም አልታመምኩም» አለችና ወደ መንገዱ ሮጠች።

ባቢከር ባጃጁ ውስጥ ነበር። እየነዳ ታሪኩን ሰማ፣ ሰማና ፍሬኑን ረገጠ።

«ልብስ?»

«ልብስ ነው ባቢከር። ካፕሱል የሚሉት ልብስ ነው።»

«ያንቺ ስም ያልተጠራበት ዱዓ የለም እኮ!» አለ። መልሶ ማርሽ አስገባ። «እኔ ለአክስቴ አልነግርም። አንቺው ንገሪያት።»

የሆስፒታሉ ኮሪደር በሰው ተጨናንቋል። እማ ዓዲላ የዒድ ጊዜ የሚለብሱትን ቢጫ ቶብ ተጠቅልለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የጥበቃ ሠራተኛ ቆሟል። ሐኒ ተንደርድራ እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«እማ ዓዲላ፣ እኔ ደህና ነኝ። ካፕሱል ያልኩዎት መድኃኒት አይደለም፤ ልብስ መቀነስ ነው።»

«ካፕሱል ልብስ አይደለም» አሉ እማ ዓዲላ። «እኔ ሕፃን አይደለም።»

«ስሙ ነው። ፈረንጅ ያወጣለት ስም ነው። በእናቴ ሞት ደህና ነኝ።»

እማ ዓዲላ እጃቸውን ዘርግተው ወገቧን ነኩት። «ይሄስ?»

«ጎንበስ ብዬ ውዬ ነው።»

ፊቷን አተኩረው አዩት፤ ብዙ አዩት። ከዚያ «አልሐምዱሊላህ» ብለው የቶባቸውን ጫፍ ፊታቸው ላይ አደረጉ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ሐኒ አልለየችም፤ እሷም ራሷን ጉልበታቸው ላይ አስደገፈች። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ግን ጆሮ አለውና አንዱ «ለልብስ ነው እንዴ ኩላሊት የሚሰጡት?» አለ፤ ኮሪደሩ በሳቅ ሞላ። እማ ዓዲላ ቶባቸውን ከፊታቸው አወረዱ፤ አንገታቸውን ሰበሩ። እማ ዓዲላ አንገታቸውን ሲሰብሩ ሐኒ አይታ አታውቅም።

«ሐኒ አንቺ ነሽ?» አለች ጠረጴዛ ይዛ የተቀመጠችው ነርስ። ስሟ ሲስተር ለተማርያም ነው። «እኔኮ ወንድ ስፈልግ ነው ያረፈድኩት። ‹ልጄ ታመመ፣ ሐኒ ታመመ፣ እናቱ ነኝ› ሲሉኝ የወንዶቹን ካርድ አንድ በአንድ ገለበጥኩት።»

ሰዉ እንደገና ሳቀ። ሲስተር ለተማርያም አልሳቀችም።

«አለመታመምሽ ጥሩ። እኔን የቸገረኝ ሌላ ነው። ኩላሊት መስጠት የሚችለው የሥጋ ዘመድ ብቻ ነው፣ ንቅለ ተከላውም የሚደረገው አዲስ አበባ ነው ብዬ ነገርኳቸው። ‹እናቱ ነኝ፣ ጻፍ፣ አዲስ አበባ ላክ› አሉኝ። ሰው አካሉን የሚሸጥበት ዘመን ነው። ዋሽተው ከሆነ ለፖሊስ መንገር ግዴታዬ ነው፤ ጥበቃውንም የጠራሁት ለዚሁ ነው።» ዓይኗ የሐኒ አንገት ላይ ያለውን ማተብ አየ፣ ወደ ቢጫው ቶብ ሄደ፣ ተመለሰ። «እኚህ ሴትዮ እናትሽ ናቸው?»

ሐኒ ከተንበረከከችበት ተነሳች። «አከራዬ ናቸው» የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ እውነቱም እሱ ነው። እሱን ካለች ግን እማ ዓዲላ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ውሸታም ሊሆኑ ነው፤ ምናልባትም ገላቸውን ለገንዘብ ያቀረቡ ሴት። «እናቴ ናቸው» ብትልስ? በእነ ሐኒ ቤት እናት «አንቺ» ነች፤ «እርስዎ» የሚባለው የሰው እናት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ቀን እንኳን ሳትሳሳት እማ ዓዲላን «እርስዎ» ስትል ኖራለች። አክብራቸው ነበር፤ ከአክብሮት ያለፈ ነገር ግን አልሰጠቻቸውም።

«እናቴ ናት» አለች።

«ምን አልሽ?»

«እናቴ ናት፣ ሲስተር። አማርኛው አስቸግሯት ነው እንጂ አልዋሸችም።»

ሲስተር ለተማርያም ሁለቱን አፈራርቃ አየቻቸው። ብዕሯን አስቀመጠች፣ ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋችው፣ ለጥበቃው «ሂድ» የሚል ምልክት ሰጠችው።

ሐኒ እጇን ዘረጋች። ቃሉ አልከበዳትም።

«ነይ እማ፣ ተነሽ እንሂድ። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስሽም።»

እማ ዓዲላ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ የተዘረጋውን እጅ ይዛ ተነሳች።

«አንተስ በላ?» አለች፣ ቶቧን ትከሻዋ ላይ እየመለሰች።