ቁም ሳጥን ውስጥ የሚጮኸው

«አሁን ደግሞ ከገደል ውደቅልኝ» አለ ዳይሬክተሩ ከመስታወቱ ማዶ።

ሙባሽር ወደቀ። የወደቀው በድምፁ ብቻ ነው፤ እግሩ ምንጣፉ ላይ፣ አፉ ማይክሮፎኑ ላይ ነበር። ከዚያ በፊት ተቃጥሏል፣ ተወግቷል፣ ባሕር ውስጥ ሰጥሟል። በድምፅ ትወና ሙያ ጩኸት ሁልጊዜ ለመጨረሻ ይቀመጣል፤ ጉሮሮ ይጨርሳላ። የእሱንም ጨረሰው። ገደሉ ላይ ሲደርስ ድምፁ ዘይት እንዳጣ በር ሲጥ ብሎ ቀረ።

«ነገ ጠዋት የመሰናበቻውን ትዕይንት እንቀዳለን» አለ ዳይሬክተሩ። «እስከዚያ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ። ድምፅህ ካልተመለሰ ሌላ ሰው ልጠራ ነው፤ ይቅርታ።»

ሙባሽር ከኢትዮጵያዊት እናት ዳላስ ተወልዶ ያደገ አሜሪካዊ ነው። በጃፓን ካርቱን ጭራቅ፣ በቪዲዮ ጌም ስም የለሽ ወታደር እየሆነ ኖሮ፣ ትልቅ ሚና ያገኘው ገና አሁን፣ ለንደን መጥቶ ነው። የጀግናው የልብ ጓደኛ ሆኖ «አይዞህ፣ አለሁልህ» ይላል። ቀኑን ሙሉ አለሁልህ ሲል የሚውል ሰው፣ ዋይት ሲቲ ሰፈር ያለው ቤቱ ሲገባ እንዴት ዋልክ የሚለው የለም። ዝም በል መባሉ አልከበደውም፤ ከማን ጋር ሊያወራ ኖሯል? ሆዱን ያባባው ይኸው ነው።

ማታ ሻዩ ላይ ማር ሲጨምር በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቱ እማማ ሰቢሃ ናቸው፤ ሊፍት ውስጥ በአማርኛ ሰላም ከመባባል አልፈው አያውቁም። ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘዋል።

«ልጄ፣ ፖሊስ ልጠራ ብዬ ተውኩት» አሉ። «በግድግዳው በኩል ስትጮህ እሰማለሁ፤ ሄልፕ፣ ሄልፕ ትላለህ። ጂኒ ነው ብዬ ቁርአን ስቀራልህ ከረምኩ። ይኼ ከመካ የመጣ የዘምዘም ውሃ ነው፤ ጠጣው።»

ሙባሽር ክው አለ። ኮቶቹ ድምፅ ይውጡልኛል ብሎ የሚለማመደው ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ነው፤ ቁም ሳጥኑ ደግሞ የተደገፈው የእሳቸውን ግድግዳ ነው። ሳቁ መጣ፤ ወዲያው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ማንም የለኝም ሲል፣ ከግድግዳው ወዲያ ሰው ተቀምጦ ቁርአን ይቀራለት ነበር።

ጉሮሮውን በጣቱ አሳያቸው።

«አንደበትህን ያዘህ እንዴ?» አሉ ደንግጠው።

ሞባይሉን አንስቶ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈላቸው።

«የፈረንጅ ፊደል አላውቅም፤ በአማርኛ ጻፍልኝ።»

አማርኛን ከእናቱ አፍ ለቀመ እንጂ ሀ ሁ አልቆጠረም። አንገቱን ነቀነቀ።

«በል አትጨነቅ» አሉና ጠርሙሱን አስጨበጡት። «ልጄ አግብታ በርሚንግሃም ከሄደች ወዲህ እኔም ብቻዬን ነኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ስትጮህ እፈራለሁ፤ ዝም ስትል ግን ይብስብኛል።»

ቁርአን እየቀሩ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ወደ በራቸው አዘገሙ። ሙባሽር ነገ እነግራቸዋለሁ ብሎ አሰበ። ነገ ቆሜ አወራቸዋለሁ፣ ነገ አንኳኳላቸዋለሁ እያለ እዚህ ሕንጻ ላይ ዓመት ማለፉን ያውቃል። የዳይሬክተሩ «ሌላ ሰው» የሚለው ቃልም ጆሮው ላይ አለ።

በልቡ ቢስሚላህ ብሎ ዘምዘሙን ጠጣ።

«እማማ» አለ፤ የወጣው ድምፅ ሻካራ ነው። «ደህና ነኝ። ይግቡ፣ ሥራዬ ምን እንደሆነ ላጫውትዎት። ወሬው ረጅም ነው።»

ያለችውን አንዲት ወንበር ሳበላቸው።