በወረቀቱ ጥግ ያለው ስም

በእንግሊዝ አገር የሉድሎ ከተማዋን ሄስተር ሊንጋርድን አንዲት ቃል እንቅልፍ ነስታት ሰነበተች። ቃሏ «አፕሪሺዬሽን» ናት። የትልቁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ለወንድሟ ለአምብሮስ ደብዳቤ ጽፈዋል፦ ቃሏ ከላቲን ስትመጣ ሥራዋ የዕቃ ዋጋ መተመን ነበር፤ ዛሬ የሰውን ውለታና መልካምነት ማወቅም ሆናለች። ለመሆኑ መቼ ነው ከገበያ ወጥታ ልብ ውስጥ የገባችው? የሚያሳይ የድሮ ጽሑፍ ካገኙ ይላኩልን።

አምብሮስ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። እንደ ብዙ ያገሩ ሰው አሮጌ መጻሕፍት እያነበበ ለመዝገበ ቃላቱ በነጻ ጥቅስ ይልካል። ይልካል ማለት እንግዲህ ለወሬ ነው። ዓይኑ ከደከመ ስድስት ዓመቱ፤ የምታነበው ሄስተር፣ በቁራጭ ወረቀት የምትገለብጠው ሄስተር። ጥጉ ላይ የሚሰፍረው የአግኚው ስም ግን ሁልጊዜ አምብሮስ ሊንጋርድ ነው።

እሷ እቴ፣ ነገሩ እስኪገባት መቼ ታርፋለች! ከቤተ ክርስቲያን የተዋሰችውን የድሮ ደብዳቤ ጥራዝ ስታገላብጥ ከርማ በአሥራ አንደኛው ቀን አገኘችው። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የአንድ ቆዳ ፋቂ ሚስት ባሏ ይሞትባታል፤ ጎረቤቶች እንደ ወጉ ንብረቱን ሊተምኑ ይገባሉ። እሷም በዚያችው ቃል ለእህቷ ጻፈች፦ «ድስቱን ተመኑ፣ አልጋውን ተመኑ። ማታ ማታ አጠገቤ መቀመጡን ግን ማንም አልተመነውም። እሱን የምተምነው እኔ ብቻ ነኝ።» የሄስተር እንባ መጣ። ይቺንስ አልሰጥም አለች በሆዷ።

ስታነብለት አምብሮስ ደስታውን አልቻለውም።

«በይ ቶሎ ገልብጪያት። ስሜን ጥጉ ላይ አድርጊ።»

«ይቺ በኔ ስም ትሂድ።»

«አንቺ ደግሞ። አንድ ቤት አይደለን እንዴ? ምን ልዩነት አለው?»

«ልዩነት ከሌለው የኔ ይሁና።»

«የአዘጋጁ ደብዳቤ የተጻፈው ለኔ ነው» አለና ብዕሩን ነጥቆ ስሙን በተንጋደደ ጽሕፈት ጥጉ ላይ አሰፈረ። ቀጥሎ ግን ወረቀቱ ምንጩን ይጠይቃል።

«ዓመቱ ስንት ነበር?»

ሄስተር ጥራዙን ዘጋችው።

«የሴትዮዋስ ስም? ገጹስ?»

«ያገኘው ሰው ያውቀዋል።»

አምብሮስ ብዕሩን አንጠልጥሎ ቆየ። ቀለሙ ጠረጴዛው ላይ ጠብ አለ። አፈረ፤ ጆሮው ሳይቀር ቀላ። ስሙን ሰርዞ የእህቱን ስም ጻፈ፤ ከዚያ ለመላክ የተዘጋጁትን የወሩን ስድሳ ወረቀቶች በእጁ ዳበሰ።

«ከነዚህስ የኔ የትኞቹ ናቸው?» አላት ቀስ ብሎ።

ሄስተር እንዳትበድለው ተጠንቅቃ ስድሳውንም አንድ በአንድ አየች። ሁለት አውጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።