ምድርን ያዳኑ ቦርሳዎች

ሆስፒታላችን ምድርን ያዳነው ግንቦት ላይ ነው። ከዚያ በፊት ምድር ያለ እኛ እንዴት ስትኖር እንደነበር እንጃ።

ያዳኗት ምክትል ዳይሬክተራችን ጁዋንግ ናቸው። እኔ ሲስተር ዮው እባላለሁ፤ እዚህ በተራራና በባሕር መካከል ባለችው ታይቱንግ ከተማ የኦፕራሲዮን ክፍሉ ኃላፊ ነርስ ነኝ። በሽተኛ የምንሸፍንበት አረንጓዴ የጥጥ ጨርቅ ነበረን። ደም ሲነካው ይታጠባል፣ በእንፋሎት ይመክናል፣ ይመለሳል። ስንት ዘመን እንዲህ ሲያገለግለን ኖሯል። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው፤ ፎቶ ላይ አያምርም። ጁዋንግ ለአረንጓዴ ኦፕራሲዮን ክፍል ሽልማት እንደሚሰጥ በሰሙ ማግስት፣ አሮጌው ጨርቅ ከአካባቢ ጥበቃ ጋር እንደማይሄድ ደረሱበት። በምትኩ ከእጽዋት የተሠራ፣ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት፣ አፈር ውስጥ በራሱ የሚበሰብስ መሸፈኛ ከባሕር ማዶ በመርከብ አስመጡ። እያንዳንዱ በወረቀት፣ ወረቀቱ በካርቶን፣ ካርቶኑ በወፍራም ላስቲክ ተጠቅልሎ መጣ።

«እስቲ ይንገሩኝ፣ አጥቦ መልሶ መጠቀም ምኑ ነው ምድርን የሚጎዳው?» አልኳቸው።

«ሲስተር ዮው፣ አንቺ የምታይው ጨርቁን ነው። እኔ የማየው ራዕዩን ነው።»

ዳኞቹ ሊመጡ ሲሉ ላስቲኩ ሁሉ ከካርቶኖቹ ላይ ተገፈፈ። ዳኛ ላስቲክ ካላየ ላስቲክ የለም ማለት ነው። ከማምከኛው ማሽን ራስ ላይ ደግሞ ለዕድል የምናኖራትን አረንጓዴዋን የበቆሎ ብስኩት ከረጢት ጁዋንግ ራሳቸው አነሷት። እዚህ አገር ማሽን ያለ እሷ አይታመንም፤ እሷ ከላዩ ከተቀመጠች አደብ ይገዛል። እሳቸው ግን «ኋላቀርነት! ደግሞም ላስቲክ!» ብለው ይዘዋት ሄዱ።

የቀረው የእንግዳ ስጦታ ነበር። እኛ ዘንድ ቀብር የመጣ ሰው እንኳ ፎጣ ተሰጥቶት ነው የሚሸኘው፤ ለሽልማት የመጣ እንግዳማ እንዴት ባዶ እጁን ይሄዳል? ጁዋንግ አሰቡበት። የጥጥ ጨርቆቻችን ተቆረጡና የእጅ ቦርሳ ሆነው ተሰፉ። «ምድርን አዳንን» የሚል ተጽፎባቸዋል፣ ከጽሑፉ ሥር ጁዋንግ ፈገግ ብለው ታትመዋል። ሽልማቱን አገኘን፣ እንግዳው ቦርሳውን ይዞ ሄደ፣ እኛም አንዳንድ ደረሰን፣ ምሳ ዕቃ ያዝንበት።

ነሐሴ ላይ አውሎ ነፋሱ መጣ። ድሮም ይመጣ ነበር፤ ባሕሩ ከሞቀ ወዲህ ግን ሲመጣ እንደ አበዳሪ በር ገንጥሎ ነው። ተራራው ተንዶ የሰሜኑንም የደቡቡንም መንገድ ዘጋ፤ ባቡሩም ቆመ። ምድር ቤታችን በጎርፍ ሞላ። ከእጽዋት የተሠራው መሸፈኛ የተከማቸው እዚያ ነበር። ወደ አፈር እመለሳለሁ ብሎ ቃል ገብቶ የለ? ቃሉን ጠበቀ። ካርቶኑን ስንከፍት ያገኘነው ገንፎ ነው። ፎቅ ላይ የነበሩት ጋዎንና ጓንት ብቻ ተረፉ።

በዚያው ቀን ጎረቤቶቹ ታናሽ ወንድሜን አቲየንን በጭነት መኪና አመጡት። ፍሬው ሳይረግፍ የጊሽጣ ዛፎቹን ሊደግፍ ሲል ከመሰላል ወድቋል። ፊቱ ወረቀት መስሏል። ቀዶ ሐኪማችን ዶክተር ኮ ሆዱን ዳስሶ ቀና አለ።

«ጣፊያው ፈንድቷል፣ ውስጥ እየደማ ነው። ደም እየሰጠሁ ትንሽ ልይዘው እችላለሁ። መሸፈኛ የታለ?»

«ገንፎ ሆኗል።»

«አንሶላ አምክኑልኛ!»

«ናይለን ነው፣ እንፋሎት ውስጥ ኩርምት ይላል።»

«እንዲሁ ብከፍተው ከደሙ ቢተርፍ ከኢንፌክሽኑ አይተርፍም» አለ ኮ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

ፈራሁ። እናታችን ስትሞት አደራ ያለችኝ እሱን ነው።

ጁዋንግ እየተንደረደሩ ደረሱ። «አትጨነቁ! አዲሱ ዕቃ ወደብ ደርሷል!»

«ላም አለኝ በሰማይ» አለ ኮ።

እኔ የማየው ግን ፊታቸውን አልነበረም። እጃቸው ላይ የጥጥ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ነበር።

«ቦርሳውን ይስጡኝ።»

«ምሳዬ አለበት እኮ!»

«ምሳውን ያውጡታ!»

የሆስፒታሉን ሰው ሁሉ ጮኬ ጠራሁ። ከዘበኛው፣ ከመድኃኒት ቤቱ፣ ከወጥ ቤቱ፣ ያለው ሁሉ ምሳ ዕቃውን እየዘረገፈ ቦርሳውን አመጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኛ ነው። ስፌቱን ፈታን፣ አጠብን፣ ማምከኛው ውስጥ ከተትን። ማሽኑ አንዴ አጉረመረመና ቀጥ አለ።

«ከረጢቷ!» ብለው ነርሶቹ በአንድ ድምፅ ጮኹ።

ጁዋንግ ቀልተው ወጡና አረንጓዴዋን ከረጢት ይዘው ተመለሱ። ለካ ቢሮ ወስደው ለራሳቸው ኮምፒውተር አስቀምጠዋት ኖሯል። ማሽኑ ራስ ላይ አኖሯት፣ እኔም ቁልፉን ድጋሚ ተጫንኩ። ተነሳ። የትኛችን እንዳስነሳነው አልከራከርም።

እንዲህ የሚደማ ሰው ሲደነዝዝ የደም ግፊቱ ሊወድቅ ስለሚችል፣ ከመደንዘዙ በፊት ነው የሚሸፈነው። አቲየን ዓይኑን ገልጦ ሳለ ጨርቆቹን ከአንገቱ እስከ እግሩ ደረደርንበት። አንገቱን ቀና አድርጎ አየ።

«እትዬ፣ ይሄ የሚስቅብኝ ሰውዬ ማነው?»

«ምድርን ያዳነው ነው።»

«እኔንስ?»

«ዝም ብለህ ተኛ» አልኩትና ወደ ማደንዘዣ ሐኪሙ ዞርኩ፣ እንባዬን እንዳያየው።

ኮ ቢላውን ይዞ ትንሽ አመነታ። «እኔን እያዩኝ ነው» አለ ወደ ጁዋንግ ምስል እያመለከተ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሥራውን ጀመረ።

አቲየን ዳነ። አሁን ጊሽጣው ከረገፈበት ወዲያ ሌላ ችግር የለበትም።

እኔ ጨርቆቹን አሳጥቤ፣ አሰፍቼ፣ ወደ ድሮ ሥራቸው መለስኳቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ ጁዋንግ ሌላ ሽልማት አሸነፉ፤ አውሎ ነፋስን ተቋቁሞ ለማገልገል በፈጠሩት ጥበብ ነው ተባለ። በማግስቱ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«ሲስተር ዮው፣ እነዚያ ጨርቆች አሁን ታሪክ አላቸው። ለእንግዶቹ እንደገና ቦርሳ አድርገን ብንሰጣቸውስ?»

ከኋላዬ በሩ ገርበብ ብሏል። ጠረጴዛው ላይ አንዲት አሮጊት ተኝተዋል፣ የጁዋንግ ፈገግታ ሆዳቸው ላይ ከፍ ዝቅ ይላል።

«ሥራ ላይ ናቸው» አልኳቸው።

«እስከ መቼ?»

«እስኪያልቁ።»