በልክ የተሰፋ ኪኒን

ሚሊሜትር የሚባለው ልብስ ሰፊ አፉ ውስጥ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችል ሰው ነበር፤ በግራ በኩል ስፒል፣ በቀኝ በኩል ሲጋራ፣ መሐል ላይ ጉራ። ቅጽል ስሙን ያወጣው ራሱ ነው። "ሜትር ለደካሞች ነው! እኔ ደንበኛ ገና በሩን ሲገፋ የትከሻውን ስፋት በሚሊሜትር እነግረዋለሁ" ይላል። ትከሻ ላይ ተሳስቶ አያውቅም። በሌላው ነገር ሁሉ ግን እውነት ከአፉ ስትወጣ ሦስት እጥፍ ሰፍታ ነው።

ችግሩ ሲጋራው ነው። ሱፍ ጨርቅ ጭስ ይጠጣል። አንድ ዳኛ ሚሊሜትር የሰፋለትን ኮት ለብሶ ችሎት ቢገባ፣ ጠበቆቹ ቃጠሎ የተነሣ መስሏቸው መስኮቱን ሁሉ በረገዱት። አንዲት የባንክ ሥራ አስኪያጅ ቀሚሷን ሦስት ጊዜ አሳጥባ መለሰችው። በመጨረሻም የአንድ ርእሰ መምህር አዲስ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ተበሳ፤ ቀዳዳው የበርበሬ ፍሬ የሚያህል፣ ዙሪያው ቡናማ።

ሚስቱ ያን ቀን የስፌት መኪናዋን አቁማ ተነሣች። ሱቁ የሁለቱም ነው፤ እሷ ትሰፋለች፣ እሱ ይቆርጣል።

"ስማ ሰውዬ" አለችው። "አንድ ቀዳዳ። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ቀዳዳ ብቻ ባይ፣ መቀሱ የወንድሜ ነው።"

ወንድሟ ካውያ ይባላል፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲተኩስ ኖሮ እጁና ካውያው አንድ አካል ሆነዋል። ይህን ሰምቶ ጨርቁ ላይ ውሃ እፍ ሲልበት እንፋሎቱ ከደስታ የወጣ ይመስል ነበር።

ሚሊሜትር ወሽመጡ ተበጠሰ። በልብስ ስፌት ቤት መቀስ የያዘው ጌታ ነው፤ የቀረው ሁሉ እሱ የቆረጠውን ገጣጣሚ ነው። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ቆሟል፤ ሲያወራው ሠላሳ ይሆናል።

በዚያው እግሩ ሲጋራ ማቆሚያ መድኃኒት ፍለጋ ጥግ ላይ ወዳለችው መድኃኒት ቤት ገሰገሰ። ፋርማሲስቷ በመነጽሯ አናት ላይ አየችው።

"ደግሞ መጡ? ማስቲካውስ?"

"መንጋጋዬን አወለቀው።"

"ክንድ ላይ የሚለጠፈውስ?"

"ለጥፌው አጨስኩ። ሁለቱ ተግባብተው ነው የከረሙት።"

ፋርማሲስቷ ተነፈሰች። "እንግዲያው አንድ ነገር ልንገርዎት። የሰው ጉበት ይለያያል። የአንዳንዱ ኒኮቲኑን ቶሎ ይፈጨዋል፣ የአንዳንዱ ቀስ ብሎ ነው። ጉንጭዎን በጥጥ ጠርገን ዘረ መልዎን ብናስመረምር፣ የትኛው መድኃኒት ይበልጥ ሊስማማዎት እንደሚችል ፍንጭ ይሰጠናል።"

ሚሊሜትር ፍንጭ የሚለውን አልሰማም። ጠረጴዛዋን በመዳፉ መታው። "የኔ እህት! ታዲያ እስከ ዛሬ የሸጣችሁልኝ ተሰፍቶ የተሰቀለ ልብስ ነበራ! ለእኔ? በልክ የተሰፋ መድኃኒት እያለ?"

ናሙናው ከመወሰዱ በፊት ግማሽ ሰዓት መብላት፣ መጠጣትና ማጨስ ክልክል ነበር። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ መድኃኒት ቤቷን አርባ ጊዜ ዞራት፤ ሚዛኑ ላይ ስድስት ጊዜ ወጣ፤ የሕፃናት ሽሮፕ ማስታወቂያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቃሉ አጠና።

ውጤቱ የሚመጣው በሁለት ሳምንት ነው። በሁለቱ ሳምንታት ከወትሮው እጥፍ አጨሰ፤ ያውም በር ላይ፣ በግልጽ። ሚስቱ ስታፈጥበት "ልኬን ወስደው ሄደዋል እኮ" ይላታል። "ያልተሰፋ ልብስ የሚለብስ የት አይተሻል?"

ወረቀቱ ሲመጣ፣ ሰውነቱ ኒኮቲንን በፍጥነት እንደሚያስወግድ፣ ከሚለጠፈው ይልቅ የሚዋጠው ኪኒን ሳይሻለው እንደማይቀር ተጽፎበታል። እሱ የሰማው አንድ ቃል ነው፤ ፈጣን። ከመድኃኒት ቤቷ ሲወጣ "ፈጣን" ነበር፤ መንገዱን ሲሻገር "በከተማው አንደኛ" ሆነ፤ ሱቁ ሲደርስ ጉበቱን የለካው መሣሪያ መሐል ላይ ተሰብሮ ነበር።

ወሬው ቤተ ዘመድ ገባ። እናቱና የአባቱ እህት ሱቁ ድረስ መጡ።

"ይሄማ የኔ ወገን ነው" አሉ እናቱ። "የአባቴን ፍጥነት ማን ያጣዋል?"

"ምን ሲደረግ!" አክስትየው ከወንበራቸው ተነሡ። "ወንድሜ ከማዕድ ሳይነሣ የሚርበው በማን ጉበት ነበር? በእናንተ?"

"ጉበቱ ከሁለታችሁም ይሁን" አለች ሚስቱ ከመኪናዋ ቀና ሳትል። "ሲጋራውን ግን ከኪዮስክ ነው ያመጣው።"

ኪኒኑ ተጀመረ። የፋርማሲስቷ ትእዛዝ ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያውን ሳምንት እያጨሱ መዋጥ ይቻላል፣ በስምንተኛው ቀን ሲጋራው ይቆማል፣ ኪኒኑ ይቀጥላል። እዚህ ላይ ሚሊሜትር ልብስ ሰፊ ብቻ የሚሠራውን ስሕተት ሠራ። መስመሩ ላይ የሚቆርጥ ጀማሪ ነው፤ ያወቀበት ባለሙያ ለስፌት የሚሆን ሁለት ጣት ትርፍ ይተዋል። እሱም ከስምንተኛው ቀን በኋላ በቀን ሁለት ሲጋራ ለትርፍ አስቀረ፤ አንድ ለጧት፣ አንድ ለከሰዓት።

"ትርፍ ነው" አለው ካውያን።

ካውያ ሳቁን ዋጠ። "በርታ ጋሼ።"

ጨርቁ ወፍራም ሲሆን ትርፉም ይሰፋልና ሁለቱ አራት ሆኑ። አራቱ ሰባት ሲሆኑ ኪኒኑ የቁልፍ ቆርቆሮ ውስጥ ተረስቶ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ትርፉ አሥራ አንድ ደረሰ፤ ልብሱ ራሱ ትርፍ ብቻ ሆኖ ቀረ።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ አንድ ሙሽራ ኮቱን ሊሞክር መጣ። ሚሊሜትር ከመጋረጃው ጀርባ የለኮሳትን ሊጨርስ ሲል ተጠራ። ሲጋራዋን መዳፉ ውስጥ ደብቆ ወጣና የሙሽራውን እጅጌ ያስተካክል ጀመር።

"የሆነ ነገር ይሸታል" አለ ሙሽራው።

"አዲስ ጨርቅ ነው።"

"ይሞቃል እኮ!"

"ጥሩ ሱፍ ይሞቃል።"

"ኧረ እጄን! እጄን አቃጠለኝ!"

ሚስቱ መጥታ እጅጌውን አነሣች። በቀዳዳው ውስጥ የሙሽራው ነጭ ሸሚዝ ታየ።

"የኔ ጥፋት አይደለም" አለ ሚሊሜትር። "ዘረ መሌ ነው። ወረቀቱ ላይ…"

"ወረቀቱ የትኛውን እንደምትውጥ ነው የሚነግርህ። ይውጥልሃል አላለም።" መቀሱን ከጠረጴዛው አንሥታ፣ ደንበኛው ፊት፣ ለወንድሟ ሰጠችው።

ሚሊሜትር የቁልፍ ቀዳዳ እንዲሰፋ ወንበር ተሰጠው። ሲጋራ ሊያጨስ ወደ በሩ ሄደ። ገና ክብሪቱን ሳይጭር ከኋላው የመቀሱ ድምፅ መጣ፤ ረጅም፣ ጠማማ። ሮጦ ተመለሰ።

"አንተ! ይሄ ጀርባ ነው ወይስ መጋረጃ?"

"ጋሼ፣ በዓይን ለክቼ ነው።"

"በማን ዓይን?"

ከዚያ ወዲያ ለማጨስ መውጣት አቃተው። በር ላይ ሦስት ደቂቃ ቢቆም አንድ ሱሪ ይሞታል፤ ሽንት ቤት እንኳ በሩጫ ሆነ። ፋርማሲስቷ እንደ አዲስ አስጀመረችው፤ ኪኒኑን ጧትና ማታ፣ ዓይኑን ከካውያ እጅ ሳይነቅል ዋጠ። ማጨስ የሚፈቀድበትን ሳምንት እንኳ አልተጠቀመበትም፤ ጊዜ አልነበረውም። አራት ሳምንት አለፈ። ኮቶቹ አሁን የሚሸቱት ኮት ብቻ ነው።

ሚሊሜትር ለመጣው ሁሉ ጉበቱን ያወድሳል። በሃያ ዘጠነኛው ቀን ወገቡን ይዞ ቆመ። "በሉ መቀሴን ስጡኝ።"

ሚስቱ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ መድኃኒት ቤት ደርሳ ተመለሰች።

"ኪኒኑ አሥራ ሁለት ሳምንት ነው አለችኝ። ደግሞም በደንብ እየሄደ ከሆነ ምንም ነገር እንዳትቀይሩ ብላለች።"

"ኪኒኑን ማለቷ ነዋ!"

"ምንም ነገር ነው ያለችው።"

ካውያ አንድ ሙሉ ጥቅል ጥቁር ሱፍ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ መቀሱን አነሣ። ሚሊሜትር ወንበሩን ጎትቶ ካውያ አፍንጫ ሥር ተቀመጠ፤ ገና ስምንት ሳምንት ይቀረዋል።